ስድስት ድምፅ፦ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ2012 መወሰን ለምን አቃተው?

ኖቬምበር 20 ቀን 2012 አመሻሽ ላይ፣ ለንደን ዌስትሚንስተር በሚገኘው የቸርች ሃውስ ክብ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ተቆጠረ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄው አንድ ነበር፤ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሴት ጳጳስ ትሾም ወይስ አትሾም? ከጠዋት ጀምሮ ከመቶ በላይ ሰው ተናግሯል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ደቂቃ እየተቆረጠ ሄዶ፣ ወደ ማታ ተራ የደረሰው ሰው አንዲት ሐሳብ እንኳ አፍታቶ መናገር አልቻለም።

ውጤቱ ይህ ነው። ከጳጳሳት 44 ደገፉ፣ 3 ተቃወሙ፣ 2 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከካህናት 148 ደገፉ፣ 45 ተቃወሙ። ከምእመናን 132 ደገፉ፣ 74 ተቃወሙ። ሦስቱን ብንደምራቸው 324 ለ122 ነው፤ ከመቶ ሰባ ሦስት ግድም ድጋፍ ማለት ነው። በየትኛውም ተራ ስብሰባ ይህ ጭብጨባ የሚያሰኝ ድል ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን ረቂቁ ወደቀ።

እንዲህ ላለ ጉዳይ ድምሩ አይቆጠርም። ጳጳሳቱ ለብቻ፣ ካህናቱ ለብቻ፣ ምእመናኑ ለብቻ ድምፅ ይሰጣሉ፤ በሦስቱም ዘንድ ሁለት ሦስተኛ መገኘት አለበት። ድምፅ ከሰጡት 206 ምእመናን ሁለት ሦስተኛው 138 ነው። የተገኘው 132። ከተቃወሙት ስድስት ሰዎች ሐሳባቸውን ቀይረው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

በማግስቱ ዓለም የጠየቀው "እነዚያ ስድስት ሰዎች እነማን ናቸው?" እያለ ነው። ጥያቄው የተሳሳተ ይመስለኛል። ጉባኤው ያን ቀን የወደቀው ከዚያ በፊት በሁለት ዓመት ውስጥ በተሠራ ሥራ ነው፤ ከሃያ ወር በኋላም ያው ጉባኤ፣ በዚያው ደንብ፣ ያንኑ ጥያቄ በሰፊ ብልጫ አጸደቀው። እኔን የሚገርመኝ ይህ ሁለተኛው ነገር ነው። ሰዎቹ ካልተለወጡ፣ ደንቡም ካልተለወጠ፣ የተለወጠው ምን ነበር?

ሦስት በር

ሲኖዶስ ሲባል የጳጳሳት ጉባኤ ብቻ የሚታሰበው አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሰኝ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ሲኖዶስ ከ1970 ጀምሮ የሚሠራ፣ በየአምስት ዓመቱ የሚመረጥ የሕግ አውጪ አካል ነው። ጳጳሳት፣ የካህናት ተወካዮችና የምእመናን ተወካዮች ሦስት ምክር ቤት ሆነው ይቀመጡበታል። የሚያወጣው ሕግ ፓርላማ ቀርቦ፣ ንግሥት ወይም ንጉሥ ፈርሞበት የአገር ሕግ ይሆናል። ስለዚህ እዚያ የሚረቀቅ እያንዳንዱ ቃል ፍርድ ቤት ሊተረጉመው የሚችል ቃል ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ ላይ አንዲት ግሥ ጣጣ ታመጣለች።

የምእመናን ተወካዮችን የሚመርጠው በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ሕዝብ አይደለም። አጥቢያዎች ተሰባስበው የሚያቋቁሙት የወረዳ ጉባኤ አለ፤ የጠቅላላ ሲኖዶሱን የምእመናን ወንበር የሚመርጡት የዚያ ጉባኤ ምእመናን አባላት ናቸው። የወረዳ ጉባኤ አባልነት ደግሞ ሰው የሚሻማበት ሥራ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ማታ ማታ ስብሰባ መቀመጥ የማይሰለቸው ሰው የሚይዘው ነው። እንዲህ ባለ ምርጫ አንድ ዓላማ ይዞ የተደራጀ ወገን ከቁጥሩ በላይ ወንበር ቢያገኝ አያስደንቅም። በ2011 ረቂቁ ወደ 44ቱ አህጉረ ስብከት ወርዶ በ42ቱ ጸድቋል፤ ያላጸደቁት ለንደንና ቺቸስተር ብቻ ነበሩ። በየሀገረ ስብከቱ ምእመናን በሰፊ ብልጫ የደገፉትን ነገር በማዕከል የተቀመጡት የምእመናን ተወካዮች አገዱት። ሕጋዊ ነው፤ የተጭበረበረ ድምፅ የለም። የሚያበሳጨውም ይኸው ነው።

ሁለት ሦስተኛ የሚለው ደንብ ለክፋት የገባ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነገር ስትለውጥ በ51 ለ49 ተጎትታ እንዳትሄድ ነው። በ1992 ሴቶች ቅስና እንዲቀበሉ ሲወሰንም ያው በር ነበረ፤ ያኔ ጳጳሳቱ 39 ለ13፣ ካህናቱ 176 ለ74፣ ምእመናኑ 169 ለ82 ሰጡ። ስሌቱን ለሠራ ሰው፣ ከምእመናኑ ሁለት ሰዎች ብቻ ወደ ተቃውሞ ቢሻገሩ ያ ውሳኔ ይወድቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 32 ሴቶች በማርች 1994 ብሪስቶል ካቴድራል ውስጥ ተቀቡ። እንግዲህ አንዱ ታሪክ በሁለት ሰው አለፈ፣ ሌላው በስድስት ሰው ቀረ። የመጀመሪያውን ጊዜ "የመንፈስ ቅዱስ ምሪት" ያሉ ሰዎች ሁለተኛውን "የደንብ ጉድለት" ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በተገላቢጦሽ ሲናገሩ መስማት ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

ውክልና

ክርክሩን ከላይ ላየው ሰው "ሴት ጳጳስ ትሁን አትሁን" ይመስላል። በ2010 ግን ይህ ጥያቄ በጉባኤው ውስጥ በመሠረቱ ተመልሶ አልቋል፤ አብላጫው ትሁን ብሏል። የቀረው "የማይቀበሏትን አጥቢያዎች ምን እናድርጋቸው?" የሚለው ነበር። የሁለት ዓመቱ መከራ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ተቃዋሚዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በሌላ ነገር እርስ በርሳቸው የማይስማሙ። አንደኛው ወገን ወደ ካቶሊክ ሥርዓት የሚያዘነብለው ነው። ለእሱ ጉዳዩ የሐዋርያት ቅብብሎሽ ነው፤ ሴት ጳጳስ የቀባችው ቄስ፣ ወንድ ቢሆንም፣ በእርግጥ ቄስ ነው ወይ? ቁርባኑስ ቁርባን ነው ወይ? ብሎ ይጨነቃል። ሁለተኛው ወገን ወንጌላዊው ወግ አጥባቂ ነው። ለእሱ ስለ ቅብብሎሽ ብዙም ግድ የለውም፤ መጽሐፍ ቅዱስ የቤተ ክርስቲያንን ራስነት ለወንድ ሰጥቷል ብሎ ያምናል። አንዱ የሚፈልገው በማያጠራጥር መስመር የተቀባ ጳጳስ ነው። ሌላው የሚፈልገው በሴት ሥልጣን ሥር አለመሆንን ነው። ለሁለቱም በአንድ አንቀጽ መልስ መስጠት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ረቂቁ ያቀረበው መፍትሔ ውክልና ነበር። አንድ አጥቢያ ሴት ጳጳስን ካልተቀበለ ደብዳቤ ጽፎ ይጠይቃል፤ የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ፣ ሴት ብትሆንም፣ ለአንድ ወንድ ጳጳስ ሥልጣኗን በውክልና ትሰጣለች፤ እሱ ያን አጥቢያ ያገለግላል። ለጠበቃ ዓይን ጥሩ መፍትሔ ነው። ለተቃዋሚው ግን የምንጩ ጉዳይ አልተፈታም። ወንዱ ጳጳስ በፊቱ ቢቆምም ሥልጣኑ የመጣው ከእሷ ነው፤ ውኃው በሌላ ቦይ ይምጣ እንጂ የፈለቀው ከዚያው ነው።

ታዲያ ሥልጣኑ ከእሷ ሳይሆን በቀጥታ ከሕጉ ይምጣለት ቢባልስ? ይህን ያሰቡት ሁለቱ ሊቃነ ጳጳሳት፣ የካንተርበሪው ሮዋን ዊሊያምስና የዮርኩ ጆን ሴንታሙ ነበሩ። በጁላይ 2010 ማሻሻያ አቀረቡ። ደጋፊዎቹ ወዲያውኑ የታያቸው ሌላ ነገር ነው፤ ከወንድ ጳጳስ የማይቀነስ ሥልጣን ከሴቷ ሊቀነስ ነው፤ በገዛ ሀገረ ስብከቷ ውስጥ እጇ የማይደርስበት አጥቢያ ሊኖር ነው። ግማሽ ጳጳስ ከሆነች ባትሾም ይሻላል ያሉም ነበሩ። ድምፅ ሲሰጥ ጳጳሳቱ 25 ለ15፣ ምእመናኑ 106 ለ86 ደገፉት። ካህናቱ 85 ደግፈው 90 ተቃወሙ። እዚያም ድምሩ ድጋፍ ነበር፤ ማሻሻያው ግን በአንዱ በር፣ በአምስት ድምፅ ልዩነት ወደቀ።

ይህን ውጤት ከ2012ቱ አጠገብ አስቀምጡት። በ2010 ተቃዋሚዎቹን ያስጠልል ነበር የተባለው ማሻሻያ በደጋፊ ካህናት እጅ ወደቀ። በ2012 መጠለያው የጎደለው ረቂቅ በተቃዋሚ ምእመናን እጅ ወደቀ። ሁለቱንም ጊዜ አብላጫው የፈለገው ሳይሆን ቀረ። በር በበዛ ቁጥር ለመዝጋት የሚበቃው ሰው ያንሳል፤ እና ሁለቱም ወገን እያንዳንዱ የየራሱን በር ያውቅ ነበር።

አንዲት ግሥ

ፌብሩዋሪ 2012 ላይ ሲኖዶሱ ጳጳሳቱን አንድ ነገር ጠየቀ፤ ረቂቁን በመሠረቱ የሚለውጥ ማሻሻያ እንዳታደርጉ። የጠየቀበት ምክንያት አለው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ረቂቅ በየሀገረ ስብከቱ ዞሮ ከተመለሰ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው አንዲት ቃል መለወጥ አይችልም። መለወጥ የሚችሉት ጳጳሳቱ ብቻ ናቸው፤ ያንንም ለብቻቸው ተሰብስበው ነው። ከዚያ በኋላ ጉባኤው እንዳለ ይቀበላል ወይም እንዳለ ይጥላል።

ጳጳሳቱ በሜይ 2012 ተሰበሰቡና አሻሻሉት። ሕጉ ስለ አፈጻጸም የሚወጣው መመሪያ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የሚዘረዝር አንቀጽ ነበረው፤ አንቀጽ 5፣ ንዑስ አንቀጽ 1፣ እዚያ ላይ ፊደል "ሐ" ተጨመረች። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ለጠያቂው አጥቢያ የሚመደበው ወንድ ጳጳስ ወይም ቄስ፣ አጥቢያው ስለ ሴቶች ሹመት ካለው ሃይማኖታዊ እምነት ጋር የሚስማማ እንዲሆን። ማለት ወንድ መሆኑ አይበቃም፤ ተቃዋሚዎቹ የሚያምኑትን የሚያምን፣ ወይም በሚያምኑበት መስመር የተቀባ መሆን አለበት። ነገሩን የሚመረምሩት ባለሥልጣናት ይህ ለውጥ መሠረታዊ ስላልሆነ ወደ አህጉረ ስብከት ተመልሶ መውረድ የለበትም አሉ።

እንግዲህ ጳጳሳቱን እንያቸው። በቅን ልቦና ያደረጉት ይመስለኛል፤ ጥቂት ተቃዋሚዎችን አባብለው ሁለት ሦስተኛውን ለማስተማመን። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሴት ቀሳውስትና ደጋፊዎቻቸው ክፉኛ ተቆጡ፤ "ሴት እጇን ስለ ጫነች ይበከላል" የሚለውን እምነት በአገር ሕግ ልትጽፉት ነው? አሉ። ላም እሳት ወለደች ማለት ይህ ነው፤ ጳጳሳቱ የወለዱትን ረቂቅ እንዳይልሱት ፈጃቸው፣ እንዳይተዉት ልጅ ሆነባቸው። ጁላይ ላይ ጉባኤው ዮርክ ሲሰበሰብ ለመጨረሻ ማጽደቂያ የተያዘው ቀጠሮ ሳይፈጸም፣ በ288 ለ144 ድምፅና በ15 ተአቅቦ ስብሰባው እንዲቋረጥና ጳጳሳቱ አንቀጹን እንደገና እንዲያዩት ተወሰነ። እንዲቋረጥ የገፉት ደጋፊዎቹ እንጂ ተቃዋሚዎቹ አልነበሩም።

በሴፕቴምበር አዲስ ሐረግ ተገኘ። ያመነጩት ከኒውካስል ሀገረ ስብከት የሆኑ አንዲት ቄስ ናቸው። "ከእምነታቸው ጋር የሚስማማ" የሚለው ወጥቶ፣ የወንዶቹ ምርጫ አጥቢያዎቹ ጥያቄ ያቀረቡበትን ምክንያት "በሚያከብር" መልኩ ይሁን የሚል ገባ። ማክበር። ደጋፊዎቹ ይህን ሊውጡት ቻሉ፤ ማክበር ማለት መስማማት አይደለምና። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በዚያው ምክንያት ተፉት። ማክበር ምን ያህል ያስገድዳል? አንዲት ጳጳስ ምክንያታችሁን አክብሬአለሁ፣ ግን የምልከው ይህን ሰው ነው ብትል ማን ይከለክላታል? ሕግ ሲተረጉም የኖረ ሰው ይህን ጥያቄ ተራ ጭቅጭቅ አይለውም። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር የተጓዘው መንገድ አንዱን ወገን አስቆጥቶ፣ ያንን ሲያስታግስ ሌላውን ያስከፋ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም በእጁ የያዘው ጽሑፍ ከመጀመሪያው የተሻለ መሆኑን ያመነ ሰው ጥቂት ነበር።

እንግዲህ ኖቬምበር 20ን እንደገና አስቡት። ከመቶ በላይ ሰው ቀኑን ሙሉ የተናገረው አንዲት ፊደል እንኳ ሊለወጥ በማይችል ጽሑፍ ላይ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ "እኔ ሴት ጳጳስ እፈልጋለሁ፤ ግን ለማይቀበሉት ወንድሞቻችን የቀረበው መጠለያ አይበቃም" ቢል፣ ጉባኤው "እሺ፣ ይህቺን እናስተካክል" ማለት አይችልም። ያለው ምርጫ አዎ ወይም አይ ነው። ከተቃወሙት 74 ምእመናን መካከል ሴት ጳጳስ መሾሟን በመርህ የሚቀበሉ፣ በመጠለያው ግን ያልተማመኑ ነበሩበት። ለእነሱ የቀረው መሣሪያ ጠቅላላውን መጣል ብቻ ነበር፤ ጣሉት።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው። ሰው ሐሳቡን የሚሰጥበት ቀንና ጽሑፉ የሚሻሻልበት ቀን የተለያዩ ነበሩ። በሚሻሻልበት ቀን በሩ ተዘግቷል፤ በሩ በተከፈተበት ቀን ጽሑፉ ደርቋል።

ማግስቱ

ሮዋን ዊሊያምስ በዓመቱ መጨረሻ ከመንበራቸው ሊለቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ ተተኪያቸው ጀስቲን ዌልቢ የተሰየሙት ገና ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። ዊሊያምስ በማግስቱ ጉባኤው ፊት ቆመው ቤተ ክርስቲያኗ በኅብረተሰቡ ዘንድ አመኔታ እንዳጣች፣ ብዙ ማብራሪያ እንደሚጠበቅባት በግልጽ ተናገሩ። ለአሥር ዓመት የመሩትን ጉባኤ በዚህ ቃል ተሰናበቱት።

ፓርላማው ውስጥ ቁጣ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ቤተ ክርስቲያኗ ከጊዜው ጋር እንድትራመድ፣ ጎሸም ማድረግ እንደሚያስፈልጋት ተናገሩ። በሎርዶች ምክር ቤት 26 ጳጳሳት ወንበር እንዳላቸው አንዘንጋ፤ ያኔ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እስከ መቼ? የሚል ጥያቄ ከግራም ከቀኝም ተነሣ። ቤተ ክርስቲያኗን ከእኩልነት ሕግ የሚያስጠልላት ልዩ ድንጋጌ ይሠረዝ ያሉ የሕዝብ እንደራሴዎችም ነበሩ።

ውስጡ ደግሞ መፈላለግ ተጀመረ። የምእመናን ምክር ቤት ሊቀመንበር ረቂቁን ተቃውመው ተናግረው ስለነበር፣ በጃንዋሪ 2013 ምክር ቤቱ ለዚሁ ብቻ ተጠርቶ በእሳቸው ላይ የመተማመኛ ድምፅ ሰጠ። 47 አናምናቸውም አሉ፣ 80 እናምናቸዋለን አሉ፣ 13 ተአቅቦ አደረጉ። ሰውየው በቦታቸው ቀሩ። ያ ስብሰባ ከጉዳዩ አንዲት ስንዝር አላራመደም፤ ጥፋተኛ ለማግኘት የሚጠፋ ጊዜ ናሙና ሆኖ ሊጠቀስ ይችላል።

አንድ ተጨማሪ እንቅፋት ነበር። የወደቀ ረቂቅ በዚያው የጉባኤ ዘመን፣ ማለትም እስከ 2015 ምርጫ ድረስ፣ በመሠረቱ ሳይለወጥ ተመልሶ እንዳይቀርብ ደንቡ ይከለክላል፤ ሁለቱ ሊቃነ ጳጳሳትና የካህናትና የምእመናን መሪዎች ስድስት ሆነው ካልፈቀዱ በቀር። ብዙዎች "በቃ፣ እስከ 2015 እንጠብቅ፤ አዲስ ሰው እንምረጥ" አሉ። ይህ ለተቃዋሚዎቹ ያማረ ዜና አልነበረም። በ2015 የሚመረጠው ጉባኤ ተበሳጭቶ የሚመጣ ጉባኤ ነው፤ ምንም መጠለያ የሌለው ባለ አንድ አንቀጽ ሕግ ሊያወጣ ይችላል። በ2012 ጊዜ ከእነሱ ጋር ነበር። በ2013 ከድቷቸዋል።

ሃያ ወር

ይህን ክፍል ሰዎች "ዌልቢ መጣና አስታረቀ" ብለው ያልፉታል። የእሳቸው ድርሻ ትልቅ ነው፤ በሥራቸው የዕርቅ ሰው ነበሩ። ግን የተደረገውን በዝርዝር ብናየው የበለጠ ይጠቅማል።

በጁላይ 2013 ጉባኤው ዮርክ ሲሰበሰብ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ለክርክር ሳይሆን ለትናንሽ ቡድኖች ጭውውት ተሰጠ። ጋዜጠኛ አልገባም፤ ድምፅ አልተሰጠም፤ መድረክ አልነበረም። ደጋፊና ተቃዋሚ አንድ ክፍል ውስጥ ክብ ሠርተው፣ በሠለጠነ አወያይ፣ ምን እንደሚፈሩ ተነጋገሩ። ለመድረክ ንግግር የለመደ ሰው ይህን ጊዜ ማባከን ይለዋል። እኔ ግን ቀድሞ ምን ይባክን እንደነበረ አየሁና አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ረቂቁን የሚመራው ኮሚቴ ተዋቀረ፤ እዚህ ላይ ለየት ያለ ነገር አደረጉ። በልማድ እንዲህ ያለ ኮሚቴ የረቂቁ ደጋፊዎች ብቻ የሚቀመጡበት ነው። አሁን ግን 15 ሰዎች ሲመረጡ ተቃዋሚዎቹም ገቡ። ስለዚህ "ይህ ቃል አይበቃንም" የሚለው ተቃውሞ ቃሉ ከመድረቁ በፊት፣ ብዕሩ በእጅ ሳለ ተሰማ። የጳጳሳቱም ስብሰባ የወንዶች ብቻ እንዳይሆን ስምንት ከፍተኛ ሴት ካህናት፣ ድምፅ ባይኖራቸውም፣ እንዲገኙና እንዲናገሩ ተወሰነ።

ጽሑፉም ተገለበጠ። የ2012ቱ ሕግ መጠለያውን በዝርዝር በአገር ሕግ ሊጽፍ ሞክሮ፣ እያንዳንዱ ግሥ የጦር ሜዳ ሆነበት። አዲሱ ሕግ አጭር ሆነ፤ ሴት ጳጳስ ልትሆን ትችላለች የሚለውን ብቻ። ዝርዝሩ ወደ ጳጳሳት መግለጫ ተዛወረ። መግለጫው በአምስት መርሆዎች ላይ ቆመ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ግልጽ ውሳኔ ላይ ደርሳለች፣ አገልጋይ የሚሆን ሁሉ ይህን መቀበል አለበት፤ በሌላ በኩል በእምነታቸው ይህን መቀበል የማይችሉ የቤተሰቡ አካል ናቸው፣ ያለ ጊዜ ገደብ ቦታ ይሰጣቸዋል፣ እንዲለመልሙም ይደረጋል። ቅሬታ ሲነሣ የሚያጣራ ገለልተኛ ሰው ይሾማል።

"መግለጫ ነገ ይቀየራል፤ ሕግ ግን አይቀየርም" የሚል ፍርሃት ነበር፣ ተገቢም ነው። መልሱን ሳነብ ብልሃቱ ገርሞኛል። ይህ መግለጫ ወደፊት ሊሻሻል የሚችለው በሦስቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያገኝ ብቻ ነው ተባለ፤ ያ ደግሞ በጉባኤው ደንብ ውስጥ ገባ። በ2012 ደጋፊዎቹን ያስለቀሰው በር በ2014 የተቃዋሚዎቹ ጠባቂ ሆኖ ተተከለ። ማንም ደንቡን አላፈረሰም፤ ቦታውን ቀየሩለት እንጂ።

ኖቬምበር 20 ቀን 2013፣ ከውድቀቱ ልክ በዓመቱ፣ ይህ ጥቅል ጉባኤው ፊት ቀረበ፤ 378 ደገፉ፣ 8 ተቃወሙ፣ 25 ተአቅቦ አደረጉ። አህጉረ ስብከት እንዲመክሩበት የሚሰጠው ጊዜም ከስድስት ወር ወደ ሦስት አጠረ።

ጁላይ 14 ቀን 2014፣ ዮርክ። ጳጳሳት 37 ደገፉ፣ 2 ተቃወሙ፣ 1 ተአቅቦ። ካህናት 162 ደገፉ፣ 25 ተቃወሙ፣ 4 ተአቅቦ። ምእመናን 152 ደገፉ፣ 45 ተቃወሙ፣ 5 ተአቅቦ። ምእመናኑ በ2010 የተመረጡት ያው ሰዎች ናቸው፤ በመካከል በሞትና በመልቀቅ ከተተኩ ጥቂቶች በቀር። ድጋፉ በ20 ጨመረ፣ ተቃውሞው በ29 ቀነሰ።

ከ29ኙ ምን ያህሉ ልባቸው ተለውጦ፣ ምን ያህሉ የፓርላማውን ቁጣና የ2015ን ምርጫ ፈርተው ነው? ሁለቱም ያለ ይመስለኛል፤ መለያየትም አይቻልም። በጭውውቱ ብቻ የመጣ ነው የሚለውን የዋህ ትረካ አልቀበልም። በግፊት ብቻ የመጣ ነው የሚለውንም አልቀበልም፤ በ2012ም ግፊቱ ትንሽ አልነበረም፣ ሰዎች ግን የሚፈርሙበት ጽሑፍ አላገኙም። ፍርሃት ሰውን ወደ ጠረጴዛው ያመጣዋል። ጠረጴዛው ላይ ሊቀበለው የሚችል ነገር ከሌለ ተመልሶ ይሄዳል።

ዋጋውን ግን እንቁጠር። ሲኖዶሱ ሕጋዊ መሰናክሎቹን ለማንሣት ሥራ ይጀመር ያለው በ2005 ነው። ሕጉ የጸናው ኖቬምበር 17 ቀን 2014። ዘጠኝ ዓመት። በዚያ መካከል ለጵጵስና የበቁ፣ ዕድሜያቸው ግን ለጡረታ የደረሰ ሴቶች አሉ፤ የእነሱ ድምፅ በየትኛውም ቆጠራ ውስጥ አልገባም።

በዮርክ ካቴድራል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ

ሊቢ ሌን፣ ጳጳሳት ስብሰባ ላይ እንዲገኙ ከተመረጡት ስምንት ሴቶች አንዷ፣ የስቶክፖርት ጳጳስ ሆነው ጃንዋሪ 26 ቀን 2015 በዮርክ ካቴድራል ተሾሙ። በሥርዓቱ መካከል ሊቀ ጳጳስ ሴንታሙ ሕዝቡን "ይሾሙ ዘንድ ፈቃዳችሁ ነውን?" ብለው ሲጠይቁ አንድ ቄስ ከመካከል ተነሥተው "በመጽሐፍ ቅዱስ የለም" ብለው ጮኹ። ሊቀ ጳጳሱ ተዘጋጅተውበት ነበር፤ ሕጉ እንደሚፈቅድ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አንብበው ጥያቄውን ደገሙት። የሕዝቡ መልስ ካቴድራሉን ሞላው።

ከሳምንት በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ በዚያው ካቴድራል ሌላ ሹመት ነበር። የሴቶችን ሹመት የማይቀበሉት ፊሊፕ ኖርዝ የበርንሊ ጳጳስ ሆኑ። እሳቸው የሚወክሉት ወገን ሴቶችን የቀባ እጅ እንዳይጫንበት ይሻል። በሥርዓቱ ላይ ሴንታሙም ነበሩ። አንብሮተ እድ ሲደርስ ሦስት ጳጳሳት ብቻ ቀርበው እጃቸውን ጫኑ። ከሳምንት በፊት በሊቢ ሌን ራስ ላይ እጃቸውን የጫኑት ሊቀ ጳጳስ፣ በራሳቸው ካቴድራል፣ ከሌሎቹ ጳጳሳት ጋር እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ።